ሳይበጠስ ለምን ይነካል? የአባባ ኮሮላና የታይሚንግ ቤልቷ

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። አባቴ 1998 ሞዴል ኮሮላ አለው። 1.6 ቤንዚን ናት፤ ማርሿ ማንዋል ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አይቶ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ ነው ብሎናል። አባቴ ከገዛት 17 ዓመት ሆነ። እኛን ትምህርት ቤት ያመላለሰች፣ ታናሽ እህቴን ሙሽራ አድርጋ የወሰደች መኪና ናት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከቆመ ግን ዓመታት አልፈዋል።

በየዓመቱ ታህሳስ 19 ቁልቢ ገብርኤል እንሄዳለን። የእናቴ ስለት ነው። ዘንድሮም አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ሁለቱ ልጆቼ ልንሄድ አስበናል። ባለፈው ሳምንት ዘይት ላስቀይር ጋራዥ ስወስዳት መካኒኩ ‹ታይሚንግ ቤልቷ መቼ ነው የተቀየረው?› አለኝ። አላውቅም አልኩት። ‹ይሄ ከተበጠሰ ቫልቭ ይጣመማል፣ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው። አሁኑኑ ቴስታታው ተፈቶ ሞተሩ በሙሉ ይሠራ› አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ የሁለት ወር ደሞዜ ነው።

አባቴን ስነግረው ተቆጣ። ‹ይቺ መኪና አንድ ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። ሳይበጠስ ለምን ይነካል? ጋራዥ የለመደ መኪና ጤና የለውም› አለ። ወንድሜም የሱን ሐሳብ ይደግፋል። እኔ ግን ልጆቼን ይዤ የምሄድበት መንገድ ነውና እንቅልፍ አጣሁ። ማንን ልመን? ከቁልቢ መልስ ቢደረግስ? አባቴንም ማስቀየም አልፈልግም። ከመነሳታችን በፊት ሌላ የማየው ነገር ካለም ይንገሩኝ።

የአባቷ ልጅ፣ ከአዳማ»

መልስ

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቤልቱ ይቀየር። ከቁልቢ በፊት ይቀየር። ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ግን አይፈታም፣ ሞተሩም አይወርድም። መካኒኩ ግማሹን ልክ ነግሮሻል። አባትሽም ግማሽ እውነት አላቸው። አንቺ ደግሞ እንቅልፍ ማጣትሽ ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን መካኒኩ የነገረሽ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ታይሚንግ ቤልት ጥርስ ያለው የጎማ ቀበቶ ነው። ጎማው ውስጥ ቀጫጭን የመስታወት ክር ተቀብሯል፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ክር ላይ ነው። ታች ያለውን፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክ ሻፍት፣ ላይ ካለውና ቫልቮቹን ከሚከፍተው ካም ሻፍት ጋር ያገናኛል። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህ ልክ ከተዛባ ሞተሩ አይሠራም። በእናንተ ሞተር ላይ ሁለት ካም ሻፍት አለ። ቤልቱ አንዱን ያዞራል፣ ያኛው ሁለተኛውን በጥርስ ይዞ ያዞረዋል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በዚያች አንድ ቤልት ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ዕድሜውስ? ለዚህ ዓይነት ሞተር የሚመከረው መቀየሪያ 100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙቀትና አቧራ በበዛበት አገር ከዚያ ቀደም ይባላል። የእናንተ ቆጣሪ ስለቆመ ግን በኪሎ ሜትር ማስላቱን እንተወው። ቢሠራም ኖሮ ሙሉውን አይነግርሽም። አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ መዘጋጋት አንድ ሰዓት ቆሞ የሚሠራ ሞተር ቤልቱን ያለማቋረጥ ያዞረዋል፤ ቆጣሪው ላይ የሚመዘገበው ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው።

ጎማ ደግሞ ቆሞም ያረጃል። ሱቅ ውስጥ ብር የሚታሰርበትን ላስቲክ አይተሽ ታውቂያለሽ። መሳቢያ ውስጥ ጥቂት ዓመት ከቆየ በኋላ ሳብ ስታደርጊው ብጥስ ይላል። ማንም አልተጠቀመበትም፤ ዕድሜው ነው የጨረሰው። ቤልቱም እንዲሁ ነው፣ ያውም ከጋለ ሞተር ጎን ተቀምጦ። ለዚህ ነው ብዙ መካኒኮች ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀየር የሚሉት። 17 ዓመት ሙሉ ማንም ተቀየረ ብሎ የማያስታውሰው ቤልት ጊዜው አልፏል ብለሽ ያዢው።

አሁን ወደ መካኒኩ ማስፈራሪያ እንምጣ። «ቫልቭ ይጣመማል» ያለው ነገር በሌሎች ሞተሮች ላይ እውነት ነው። በዲዝል ላይ በተለይ እውነት ነው። የሃይሉክስና የሃይሩፍ 5ኤል ሞተር ቤልቱ ከተበጠሰ ፒስተኑ ተከፍቶ የቀረውን ቫልቭ ያገኘዋል፤ ጉዳቱም ከባድ ነው። 4ኤ-ኤፍኢ ግን እንደዚያ አልተሠራም። ቫልቩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ቢቆም እንኳ ፒስተኑ ላይ ወጥቶ አይመታውም፤ በመካከላቸው ክፍተት አለ። ቤልቱ ቢበጠስ ሞተሩ ይጠፋል እንጂ አይሰበርም። አዲስ ቤልት ታስሮለት፣ ልኩን ይዞ፣ ይነሳል። ስለዚህ «ሞተሩ አለቀለት» ብሎ ሁለት ወር ደሞዝሽን መጠየቁ ለዚህች መኪና አይሠራም። ቤልት ለመቀየር ቴስታታ መፍታት ፈጽሞ አያስፈልግም። መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ የማታወጣ፣ ዘይት የማትበላ፣ ዳገት ላይ የማትደክም ከሆነ ሞተሯን የምትነኩበት ምክንያት የለም። ጥርጣሬ ካላችሁ ኮምፕሬሽኗን፣ ማለትም የሲሊንደሮቿን ግፊት፣ አስለኩ። ከልኬቱ በፊት ማንም ሞተር እንዳይፈታላችሁ።

ታዲያ ሞተሩ ካልተሰበረ ለምን ከቁልቢ በፊት እላለሁ? መንገዱን አስቢው። ከአዳማ ተነስታችሁ መተሐራንና አዋሽን በዚያ ሙቀት ታቋርጣላችሁ። ከሚኤሶ በኋላ ወደ አሰበ ተፈሪ ሽቅብ ነው። ከዚያ ወዲያ የጨርጨር ተራራ ዳገቱም ቁልቁለቱም ጠመዝማዛ ነው። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የምትጓዙት። በዚያ ሰሞን መንገዱ በመኪና ይሞላል። በዳር በዳሩ ድንጋይ ተሸክመው በእግራቸው የሚሄዱ ባለ ስለቶች አሉ። ቤልት አስቀድሞ ብዙም ምልክት አይሰጥም። ሲበጠስ ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል አብሮ ይቀራል። የተጠራቀመው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። መሪውም ይከብዳል። አባትሽ በዕድሜያቸው፣ አራት ሰው ጭነው፣ በሂርና ቁልቁለት ላይ ይሄንን እንዲጋፈጡ አልፈልግም። አንቺም እንደማትፈልጊ ደብዳቤሽ ይናገራል። የሞተሩ ዋጋ ሳይሆን ይሄ ነው ከቁልቢ መልስ እንዳትይ የሚያደርገኝ።

እስኪቀየር ድረስ ከተማ ውስጥም ቢሆን ድንገት ቢደርስባችሁ ምን እንደምታደርጉ እወቁ። ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትርገጡ፤ አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ያዙት። ቁልቁለት ላይ ከሆናችሁ ማርሽ አታውጡ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያደረጋችሁ ጨምሩበት። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አታጥፉ፤ መሪው ይቆለፋል። ሁለቱንም ፍሬቻዎች አብርታችሁ አስጠንቅቁና ወደ ቀኝ ውጡ።

ከቆማችሁ በኋላ የተበጠሰው ቤልቱ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ድምፁ ከወትሮው የቀለለና አንድ ወጥ ይሆናል፤ ያ የለመድሽው ውጣ ውረድ አይኖርም። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ወደ ውስጥ እዩ። ካም ሻፍቱ ይታያል። አንድ ሰው ለአንድ አፍታ ብቻ ሞተሪኖውን ያዙር። ካሙ ካልተንቀሳቀሰ ቤልቱ ሄዷል፤ በከንቱ እየደጋገማችሁ ባትሪ አትጨርሱ። ይህን ስታዪ ነጠላሽን ወይ ሻርፕሽን ከአንገትሽ አውጪ። ከጎን የሚዞሩት ቺንጊያዎች ጨርቅ ይስባሉ።

ቤልቱን ሳይፈታ ማየት ይቻል እንደሆነ ብትጠይቂ፣ አዎ፣ በከፊል። ከሞተሩ ጎን ላይኛው የፕላስቲክ መሸፈኛ በጥቂት 10 ቁጥር ብሎኖች ነው የተያዘው። እሱ ሲነሳ የላይኛው ጥርስና የቤልቱ ጀርባ ይታያል። ጀርባው ላይ መሰነጣጠቅ፣ ጠርዙ ላይ የወጣ ክር፣ የተበላ ጥርስ ወይም ዘይት ካየሽ ነገሩ አልቋል። ነገር ግን ደህና መስሎ መታየቱ ማስረጃ አይደለም። የሚደክመው ውስጥ ያለው ክር ነው፣ እሱ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ታሪኩ ያልታወቀ ቤልት ሲያዩት ቢያምርም ይቀየራል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ያለውን መሳቢያ ፈትሺ። አባቶች ደረሰኝ አይጥሉም። ከዓመታት በፊት አንዱ ጋራዥ ቀይሮት ከሆነ ወረቀቱ እዚያ ሊኖር ይችላል። ከአራት ዓመት ወዲህ የተቀየረበት ደረሰኝ ካገኘሽ ምክሬን እቀይራለሁ፤ ያኔ ላይኛውን መሸፈኛ አስነስቶ ማየት ይበቃችኋል።

ዕቃውን በተመለከተ። ቤልቱን ብቻ ገዝታችሁ አትመለሱ። ቤልቱን የሚወጥረው ተሽከርካሪ ኩሽኔታ አብሮ ይቀየር፣ ከነሞላው። ያረጀ ኩሽኔታ ከያዘ አዲሱን ቤልት ይዞት ይሄዳል። የክራንኩና የካሙ ኦይል ሲሎችም፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች፣ ይቀየሩ። ርካሽ ናቸው፣ ግን ዘይት ካፈሰሱ ቤልቱን ያበሰብሱታል፤ እነሱ ጋ ለመድረስ ደግሞ ያው ሥራ እንደገና መሠራት አለበት። ቤልቱን ለመቀየር ከቴስታታው በላይ ያለው ክዳን ብቻ ስለሚነሳ የሱ ጋስኬትም ይገዛ። በነዚህ አሮጌ ኮሮላዎች ላይ ዘይት ማንጠባጠብ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የዲናሞውና የሌሎቹ የውጭ ቺንጊያዎችም መውለቃቸው አይቀርም። ከተሰነጣጠቁ በዚያው ይቀየሩ፤ ለነሱ ተጨማሪ የእጅ ዋጋ መክፈል የለባችሁም።

የውሃ ፓምፑን ብዙ ሰው «የግድ አብሮ ይቀየር» ይላል። ያ ፓምፑ በታይሚንግ ቤልቱ ለሚዞርባቸው መኪናዎች ትክክለኛ ምክር ነው። በእናንተ ሞተር ላይ ፓምፑን የሚያዞረው የውጭው ቺንጊያ ነው። ካልፈሰሰ፣ ሲወዛወዝ ካልተንቀጫቀጨ፣ ከሥሩ የደረቀ የውሃ ምልክት ካልታየ ተዉት። ያንን ብር ለኦይል ሲሎቹና ለኩሽኔታው አውሉት።

የት ይገዛ? አዳማ ካገኛችሁ ጥሩ። ካልሆነ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ለኮሮላ የማይገኝ ነገር የለም፤ ችግሩ ኦርጅናሉና ፎርጅዱ ጎን ለጎን መሸጡ ነው። ሊብሬውን ይዛችሁ ሂዱ። «ለ98 ኮሮላ» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። በዚያ ዓመት የወጣ ኮሮላ 1.3ም፣ 1.6ም፣ ዲዝልም አለው፤ ቤልታቸው ይለያያል። የሞተሩን ዓይነትና የሻንሲ ቁጥሩን ንገሯቸው። የቶዮታ ኦርጅናል ወይም ጌትስ፣ ባንዶ፣ ሚትሱቦሺ የሚል ከሆነ ደህና ነው። ለኩሽኔታ ኮዮ፣ ኤንኤስኬና ኤንቲኤን የታወቁ የጃፓን ሥራዎች ናቸው። ሁሉም ግን ይኮረጃሉ። ስለዚህ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን እዩ። ቤልቱ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ጥርት ያለ መሆን አለበት፣ በጣት ሲታሽ መልቀቅ የለበትም። የጥርሶቹ ጠርዝ አንድ ዓይነት ይሁን። ሻጩ ጥንካሬውን ላሳያችሁ ብሎ ቤልቱን አጥፎ ወይ ጠምዝዞ ከጨመቀው ያንን ቤልት አትግዙት። ውስጡ ያለው የመስታወት ክር ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ «ካልገጠመ ይመለሳል» የሚል ቃልም ያዙ። ጋራዥ ስትደርሱ አሮጌው ሲወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝታችሁ ጥርሳቸውን ቁጠሩ፣ ወርዳቸውንም አስተያዩ። ካልተካከሉ አይታሰርም።

ሥራው ለሚያውቀው መካኒክ ግማሽ ቀን ወይም ቢበዛ አንድ ቀን ነው። አንቺ ወይም አባትሽ ቆማችሁ እዩ። መካኒክ ሲታይ የሚከፋው ካለ ሌላ ፈልጉ። እንዲህ ነው የሚሠራው። መኪናዋ በክሪክ ትነሳና የቀኝ የፊት ጎማ ይወልቃል። ሞተሩ ከሥር በእንጨት ተደግፎ ይያዛል፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ያለው የሞተር መያዣ ጎማ መነሳት አለበት። በዚያው አጋጣሚ መያዣው ተሰንጥቆ እንደሆነ እዩት። ከዚያ መካኒኩ ሞተሩን በእጁ እያዞረ ምልክት ላይ ያመጣዋል። ታች የክራንኩ ፑሊ ላይ ያለው ጭረት ከመሸፈኛው ዜሮ ጋር ይገጥማል። ላይ ካሙ ላይ ያለው ትንሽ ቀዳዳ ከኋላው ካለው ጭረት ጋር ይገጥማል። ይህ ሳይሆን አሮጌው ቤልት መውለቅ የለበትም። ጥንቁቅ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፤ ካላነሳ አንቺ አንሺው።

አዲሱ ቤልት በእጅ ነው የሚገባው። በካቻቪቴ እየተጎረጎረ ከገባ ጥርሱ ይጎዳል። ከገባ በኋላ ኩሽኔታው በሞላው ጉልበት እንዲወጥረው ይለቀቃል፣ ከዚያ ይጠብቃል። በብረት ዘንግ እየተገፋ በግምት መወጠር የለበትም። በጣም የተወጠረ ቤልት ሞተሩ ሲሠራ ያፏጫል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል። የላላ ደግሞ ጥርስ ይዘላል።

አሁን የምነግርሽን በተለይ ያዢ። ሁሉም ታስሮ ሲያልቅ፣ ሞተሪኖው ከመነካቱ በፊት፣ መካኒኩ ክራንኩን በቁልፍ ይዞ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር በእጁ ያዙረው። ከሁለት ዙር በኋላ የታችኛውም የላይኛውም ምልክት ተመልሰው መግጠም አለባቸው። አንድ ጥርስ እንኳ ከሳተ እዚያ ላይ ይታያል። «አይ እኔ ልምድ አለኝ፣ ይነሳል» ቢልሽ «ለኔ ስትል አዙረው» በይው። አንድ ጥርስ የሳተ ሞተር ይነሳል፣ ይሄዳልም፤ ግን ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ነዳጅ ይበላል። ብዙ ሰው ያኔ ካንዴላና ፊልትሮ እየቀየረ ወራት ይደክማል።

የክራንኩ ፑሊ ብሎን በቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካ ቁልፍ፣ ይጥበቅ። ይህ ብሎን ከላላ ፑሊው እየተወዛወዘ የክራንኩን ጫፍ ያበላሻል፣ ያኔ እውነተኛ የሞተር ወጪ ይመጣል። የፕላስቲክ መሸፈኛዎቹም ሁሉም ተመልሰው ይታሰሩ። «ይሄ አያስፈልግም» ተብሎ የሚጣል መሸፈኛ የለም። የመተሐራ አቧራና ከጎማ የሚፈናጠር ጠጠር ቤልቱ ላይ እንዳይገባ የሚከለክለው እሱ ነው። ስንት መኪና ከፍቼ ሁለት ብሎን ብቻ የያዘው መሸፈኛ አግኝቻለሁ። መጨረሻ ላይ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢውተሩ አቆጣጠር በታይሚንግ ላምፓ ይታይ።

ከመንገዱ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ አሠሩት። በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ሞጆ ወይ ቢሾፍቱ ደርሳችሁ ተመለሱ። ማታ ላይ ከሥሯ ካርቶን አንጥፋችሁ ጠዋት ዘይት ወይ ውሃ ጠብ ብሎ እንደሆነ እዩ። ችግር ካለ እዚያው አዳማ ይያዛል። ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኮፈኑ ውስጥ ለጥፉት። ቆጣሪውንም አስጠግኑት፤ ዘይት መቀየሪያውንም በሱ ታውቁበታላችሁ።

ስለ አባትሽ። እህቴ፣ አባትሽ ግትር ሆነው አይመስለኝም። ያቺ መኪና አላሳፈረቻቸውም። 17 ዓመት ሙሉ ጠብቀዋታል፣ እሷም ቤተሰቡን ጠብቃለች። ዛሬ «ታይሚንግ ቤልቷን ሳትቀይር» ብለሽ ብትነሺ የሚሰሙት «አልጠበቅካትም» የሚል ነው። ደግሞ ጋራዥን መፍራታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። ባንቺ ላይም ታይቷል። ዘይት ሊቀየርለት የገባ መኪና ሞተሩ በሙሉ ይሠራ ተብሎ ወጣ። አባትሽ ይሄንን ያውቁታል፣ የሚከላከሉት ከዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «አባባ፣ እውነትህን ነው፣ ሞተሩ አይነካም» በያቸው። ይሄ እውነት ነው፣ ለማባበል አይደለም። ቀጥለሽ «አንዲት የጎማ ቀበቶ ናት፣ ዕድሜዋ አልቋል፣ እማዬንና ልጆቹን ይዘን ስለምንሄድ ነው» በያቸው። መካኒኩን እሳቸው ይምረጡ። የሚያምኑት የድሮ ሰው ይኖራል። ላይኛው መሸፈኛ ሲነሳ ቆመው እንዲያዩት አድርጊ። አሮጌው ቤልት ሲወጣ ደግሞ እጃቸው ላይ ስጫቸው፣ ራሳቸው ገልበጥ አድርገው ጥርሱን ይዩት። ዕድሜውን ሙሉ መኪና የያዘ ሰው ያረጀ ጎማ ሲያይ ያውቃል፤ ያኔ አንቺ መናገር አይጠበቅብሽም። ወንድምሽንም ወደ ሶማሌ ተራ ይዘሽው ሂጂ። ዕቃ ያገዘ ሰው ሥራውን ይደግፋል።

አሮጌ መኪና ማስጠገን ብር መጣል ነው የሚልም ይኖራል። አልስማማም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለችን ኮሮላ በደንብ መያዝ ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ያዋጣል። ለ4ኤ ሞተር መለዋወጫው ገና ሞልቷል፣ ሞተሩንም የማያውቅ መካኒክ የለም።

ሌሎች አንባቢዎች ይሄንን አንብበው የራሳቸውን መኪና መጠየቃቸው አይቀርም፤ ባጭሩ ልመልስ። ቪትዝና ያሪስ፣ እንዲሁም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 ማብቂያ ወዲህ በአዲስ ቅርጽ የመጣው ቤንዚን ኮሮላ ሰንሰለት ነው ያላቸው፤ በየጊዜው የሚቀየር ቤልት የለም። 5ኤል ሃይሉክስና ሃይሩፍ ወይም 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር የያዛችሁ ግን ቤልታችሁን በምንም ምክንያት አታዘግዩት፤ በናንተ ሞተር ላይ መበጠስ ማለት ሞተር ማውረድ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቲ-ቤልት የሚለው መብራት የሚበራው ኪሎ ሜትር ቆጥሮ ነው እንጂ ቤልቱን አይቶ አይደለም። ስላልበራ ደህና ነው አትበሉ።

ከመነሳታችሁ በፊት ሌላ የማየው ካለ ላልሽው፣ አዎ አለ። የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃና ቱቦዎቹ፣ የጎማዎቹ ንፋስ፣ ተቀያሪውም ጎማ ጭምር። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ መሆኑን አስፈትሹ፤ ከአዋሽ ሙቀት ወጥታችሁ ወዲያው ዳገት ስትጀምሩ የሚፈተነው እሱ ነው። ትሪያንግልና የእጅ ባትሪ ያዙ። በጨርጨር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየረገጣችሁ ሳይሆን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ። ከተቻለም በዋዜማው ሳይሆን አንድ ቀን ቀድማችሁ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሱ፤ አባትሽም በመንገድ ላይ አሰበ ተፈሪ ያርፉ።